የሞተሩ ሙቀትና የሰው እስትንፋስ፦ ስለ አሮጌዋ ፎልክስዋገን ኮምቢ ማሞቂያና አየር ማናፈሻ

የመኪናን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ጕልበት፣ የፍጥነቱን ልክና የአካሉን ውበት በሰፊው ከተናገሩ በኋላ፣ በዚያ የላሜራ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚጓዘው ሰው ምን ዐይነት አየር እንደሚተነፍስ፣ ቆፈን እግሩን ሲይዘው በምን እንደሚሞቅ፣ የገዛ እስትንፋሱ በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ መንገዱን ሲጋርድበትም በምን ብልኃት እንደሚገፍፈው አንድ ቃል ሳይናገሩ ያልፋሉ። ይህ ዝምታ ተገቢ አይመስለኝም። ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን፣ ያለ ውኃም ጥቂት ቀን ሊቆይ ሲችል ያለ አየር ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ የማይቆይ ፍጥረት እንደ መሆኑ መጠን፣ ዝግ ተሽከርካሪ ሠርቶ ሰውን በውስጡ ያስቀመጠ ጠቢብ ሁሉ በመጀመሪያ ሊጠየቅበት የሚገባው ነገር ነፋሱ በየት ገብቶ በየት ይወጣል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተሻሻለ ለማየት ከፎልክስዋገን ኮምቢ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ በዚህች መኪና ላይ ማሞቂያው ከሞተሩ ተለይቶ የሚቆም ዕቃ አይደለምና፣ ሞተሩን ያላወቀ ሰው ማሞቂያውን ሊያበጅ አይችልም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ ነው። በቮልፍስቡርግ የሚገኘው የፎልክስዋገን ፋብሪካ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ነበርና፣ ኀላፊው ሻለቃ አይቫን ኸርስት ዕቃን ከአንዱ የፋብሪካ ክፍል ወደ ሌላው የሚያመላልስ ተሽከርካሪ ባስፈለጋቸው ጊዜ፣ ከትንሿ ፎልክስዋገን ሞተርና ሻሲ ጠፍጣፋ የጭነት ጋሪ አሠርተው ነበር። የሆላንዱ ነጋዴ ቤን ፖን ይህን ጋሪ ከተመለከቱ በኋላ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1947 በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ አንድ ንድፍ ሣሉ፤ ንድፉም ከሣጥን የማይለይ፣ ሞተሩ በስተኋላ፣ ሹፌሩ በስተፊት፣ ጭነቱ በመካከል የሆነ መኪና ያሳይ ነበር። በ1948 የፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ሃይንዝ ኖርድሆፍ አሳቡን ተቀበሉት፤ የመጀመሪያው ናሙናም በብራውንሽቫይግ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የነፋስ መፈተሻ ዋሻ ውስጥ ገብቶ በተመረመረ ጊዜ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ግንባሩ ነፋሱን ክፉኛ ይገታው እንደ ነበር ስለ ታወቀ፣ ግንባሩን ክብ በማድረግ የነፋስ መቋቋም ልኩን ከ0.75 ወደ 0.44 ለማውረድ ተቻለ። መኪናዋ በኖቬምበር 1949 ለጋዜጠኞች ከታየች በኋላ በማርች 1950 መመረት ጀመረች፤ ከ1956 ጀምሮም ሥራው በሃኖቨር ወደ ተሠራላት የራሷ ፋብሪካ ተዛወረ። ነፋስ በውጭ እንዴት እንደሚፈስ ይህን ያህል የተጨነቁላት መኪና፣ ነፋስ በውስጧ እንዴት እንደሚፈስ ለመማር ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀራት ነበር።

ጭነቱን በሁለቱ አክስሎች መካከል ያደረገው አቀማመጥ ለሚዛን እጅግ የተመቸ ነበር፤ መኪናዋ ባዶም ሆነች ሙሉ ክብደቷ በፊትና በኋላ እግሮቿ ላይ ተካፍሎ ያርፋል። ነገር ግን ያው አቀማመጥ የማሞቂያውን መከራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወሰነው። እሳቱ ያለው በስተኋላ ነው፤ ብርድ የሚመታው ሹፌር ደግሞ ከፊት እግሮቹ በላይ፣ ከቀጭን ላሜራ በስተጀርባ ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከል በወለሉ ሥር የሚያልፈው የሙቀት ቱቦ፣ በፊትና በኋላ እግሮች መካከል ያለው ርቀት ብቻ 2.40 ሜትር ስለሆነ፣ በክረምት የጀርመንን የበረዶ ነፋስ በጀርባው እየተቀበለ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ ነበረበት። ፋብሪካው ቱቦውን በመጠቅለያ ቢሸፍነውም፣ ከኋላ እየፋጀ የተነሣው አየር ከፊት ሲደርስ ለብ ያለ ብቻ ይሆን ነበር።

ሞተሩ በውኃ ሳይሆን በነፋስ የሚቀዘቅዝ መሆኑም ሁለተኛው ምክንያት ነው። ፌርዲናንድ ፖርሸ በ1930ዎቹ ለሕዝብ የምትሆነውን ትንሿን መኪና ሲያስቡ፣ የሚገዛት ሰው ጋራዥ የሌለው፣ መኪናውን በደጅ የሚያሳድር ሠራተኛ እንደሚሆን ተረድተው ነበር፤ በራዲያተር ያለ ውኃ በሌሊት በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቀው ራዲያተሩን ጨርሰው አስቀሩት። በውኃው ፈንታ በዲናሞው ዘንግ ላይ የተተከለ ማራገቢያ በቺንጋ ከሞተሩ እየተሽከረከረ፣ አየር ከላይ ስቦ በአራቱ ሲሊንደሮች ክንፎች መካከል ወደ ታች ይገፋዋል። የሥነ ፍጥረት መምህራን ስለ አራቱ ባሕርያት ሲናገሩ ነፋስ በሙቀቱ ከእሳት ጋር፣ በርጥበቱም ከውኃ ጋር ይስማማል ብለው ያስተምራሉ፤ እነዚህ የጀርመን መሐንዲሶችም ለነፋስ የውኃን ሥራ ሰጥተው ሲያበቁ፣ የእሳቱን ትሩፋት ደግሞ ወደ ሰው ዘንድ እንዲያደርስ መልእክተኛ አደረጉት። ይህንኑ ሞተርና ይህንኑ ማሞቂያ የኢትዮጵያ አንባቢ ከትንሿ ፎልክስዋገን ያውቀዋል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው የተወሰዱባት መኪና ከዚሁ ዘር ናትና።

የመጀመሪያው ዘመን ማሞቂያ የሠራበት መንገድ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም ነው ጉድለቱን ያመጣው። ማራገቢያው የገፋው አየር ሲሊንደሮቹን አቀዝቅዞ ከሞቀ በኋላ፣ ሹፌሩ በእጁ የማሞቂያውን መክፈቻ ሲያዞር ከታች ያሉት ክዳኖች ተገልብጠው ወደ ሜዳ ይፈስ የነበረውን ያንኑ አየር በጢስ ማውጫው ዙሪያ አሳልፈው ወደ ቱቦው ይመልሱታል። አሳቡ ለቍጠባ ድንቅ ነው፤ ሊጣል የነበረ ሙቀት ያለ ተጨማሪ ነዳጅ፣ ያለ ተጨማሪ ሞተር ለሰው ጥቅም ይውላል። ዳሩ ግን አየሩ ወደ ሰው የሚደርሰው የሞተሩን አካል ሁሉ ዳስሶ ስለሆነ፣ ከአንድ ያረጀ ጓርኒሲዮን የወጣ የዘይት ጠብታ በጋለው ሲሊንደር ላይ ሲያር ሽታው ያለ ከልካይ ከተሳፋሪው አፍንጫ ይገባል። ሞተሩ አዲስና ንጹሕ በሆነ ጊዜ ይህ ብዙም አይሰማም ነበር፤ ኮምቢ ግን የነጋዴ፣ የአናጢና የዳቦ ጋጋሪ መሥሪያ እንጂ የሰንበት መኪና አልነበረችምና ሞተሯ ንጹሕ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር።

የቀዝቃዛውን ንጹሕ አየር መግቢያ ነገር ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ ለመስኮቶቹ ተትቶ ነበር። ከማርች 1955 ጀምሮ ግን የመኪናዋ ጣሪያ ከፊት መስታወቱ በላይ እንደ ባርኔጣ ጥላ ወጣ እንዲል ተደርጎ፣ ከጥላው ሥር በተከፈተው ቀዳዳ የገባው ነፋስ በሹፌሩ ራስ አቅራቢያ ወደሚገኝ ማከፋፈያ ሣጥን እንዲወርድ ሆነ። ይህ ማሻሻያ ከሁሉ በላይ የሚመሰገንበት ምክንያት ቦታው ነው፤ አቧራውም፣ ከፊት የሚሄደው መኪና ጢስም ከመሬት አጠገብ ሲከማች፣ ከጣሪያ ከፍታ የተቀዳ አየር ከሁሉ የጠራ ነውና። ለሞቃት አገሮች ደግሞ የፊት መስታወቶቹ በላይኛው ጠርዛቸው ታጥፈው ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሆነው በልዩ ትእዛዝ ይሠሩ ነበር፤ እነዚህን መስኮቶች ከፍቶ ዝግ ባለ ፍጥነት መንዳት ለሚወድ ሰው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ምንም ዐይነት ማናፈሻ የሚተካከላቸው አይመስለኝም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1962 መጨረሻና በ1963 ነው። ፋብሪካው ሲሊንደሮቹን የዳሰሰውን አየር ለሰው መስጠት ትቶ፣ ከማራገቢያው ቤት ግራና ቀኝ ሁለት መውጫዎች አበጀና ገና ምንም ነገር ያልነካውን አየር በሁለት ተጣጣፊ ቱቦዎች ከሞተሩ በታች ወዳሉት የሙቀት ማስተላለፊያ ሣጥኖች አወረደው። የእያንዳንዱ ሣጥን ውስጠኛ ክፍል የጢስ ማውጫው የብረት ቱቦ ነው፤ በላዩ ላይ ብዙ ስስ ክንፎች ያሉት አሉሚኒየም ቀልጦ ፈስሶበታል፤ ሁሉን የሚሸፍነው ደግሞ ላሜራ ነው። ጢሱ በውስጥ፣ ንጹሑ አየር በውጭ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካው ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ የሚተላለፈው ሙቀቱ ብቻ ነው። የሞተሩ እስትንፋስና የሰው እስትንፋስ በዚህ ጊዜ በሥርዐት ተለያዩ ለማለት ይቻላል፤ በእኔ አስተያየትም በዚህች መኪና ታሪክ ውስጥ፣ ስለ ጕልበቷ ከተደረገው ማሻሻያ ሁሉ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ መለያው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው፤ ብረት ደግሞ ይዝጋል። ጨው በሚበተንበት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የክረምት መንገድ ላይ ዓመታት ያሳለፈ የጢስ ማውጫ ከውስጥም ከውጭም እየተበላ ሄዶ በመጨረሻ ሲቀደድ፣ ጢሱ ከንጹሑ አየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሰዎቹ ይጓዛል። በዚያ ጢስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኀይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ጥቂቱ እንኳ የደምን ማደሪያ ሁሉ ይዞ ለሕይወት የሚያስፈልገውን አየር ከደጅ ይመልሰዋል። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሃልዴን በ1890ዎቹ ይህን ጋዝ ራሳቸው እየተነፈሱ የመረመሩትና የማዕድን ሠራተኞች ትንንሽ ፍጥረታትን ለማስጠንቀቂያ ይዘው እንዲገቡ የመከሩት ሰው ከመመረዙ በፊት የሚነግረው ምንም ምልክት ባለመኖሩ ነው። በእኛ አገር በከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት የስንት ቤተ ሰብ ሕይወት የጠፋው በዚሁ ጋዝ ነውና፣ ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በአሮጌ ኮምቢ ውስጥ ማሞቂያው ሲከፈት ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ያለ ልማዱ እንቅልፍ የመጣበት ሰው ድካም ነው ብሎ ማለፍ አይገባውም፤ መስኮቱን ከፍቶ፣ ማሞቂያውን ዘግቶ፣ መኪናዋን አቁሞ መውረድና ሣጥኖቹ ሳይመረመሩ ዳግመኛ አለመክፈት ነው።

እዚህ ላይ በደጋ ለሚነዱ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ በዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ በዚያው መጠን ስለሚያንስ ሞተሩም የሚቀዘቅዘው፣ ሰውም የሚሞቀው በአነስተኛ አየር ነው፤ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደግሞ በዚህ ከፍታ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ስለሚሰጥና ነዳጁም በሚገባ ስለማይቃጠል በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። ስለዚህ ካርቡራቶሩን ማስተካከል የነዳጅ ቍጠባ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የማሞቂያውም ጉዳይ ነው።

አሁን ከመኪናዋ ሥር ገብተን ነገሩን በቅርብ እንመልከተው። መኪናዋ በጽኑ ድጋፍ ላይ ከቆመችና ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ለፊት ወደ ላይ ያየ ሰው፣ በሁለቱ የሙቀት ሣጥኖች ጫፍ ላይ ከጎናቸው ትንሽ ክንድ የወጣላቸው ሁለት የክዳን ቤቶች ያገኛል። በእያንዳንዱ ክንድ ራስ ላይ የተበሳች ትንሽ የብረት በርሜል አለች፤ ከክሩስኮቱ የተነሣው ካቦ የሚያልቀው በዚህች በርሜል ውስጥ አልፎ በቡሎን ተጨምቆ ነው። የአሮጌ መኪና ማሞቂያ አልሠራ ሲል ብዙውን ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው፤ ጭቃና ጨው በክንዱ መዞሪያ ላይ ደርቆ ክዳኑን አጣብቆታል፣ ወይም ካቦው ረዝሞ ክዳኑን ከግማሽ በላይ አይስበውም፣ ወይም መመለሻ ምንጩ ተሰብሮ ክዳኑ በበጋም ተከፍቶ ቀርቷል። መዞሪያውን ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት አርሶ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ በማግሥቱ ክንዱን በእጅ ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ማለዘብ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ካቦውን መወጠር ተገቢ ነው፤ የተጣበቀውን ክዳን ሳያላቅቅ ከላይ በጕልበት የሚስብ ሰው ካቦውን በጥሶ ትንሹን ሥራ ትልቅ ያደርገዋል። በሚወጠርበት ጊዜም አንድ ሰው ከውስጥ መክፈቻውን እየሳበ፣ ሌላው ከታች ሆኖ የግራውና የቀኙ ክዳን እኩል መከፈታቸውንና ሲመለስ ሁለቱም ጥርቅም ብለው መዘጋታቸውን ማየት አለበት፤ ጥቂት ተከፍቶ የቀረ ክዳን በሐሩር ቀን ተሳፋሪውን ያለ ምክንያት ያነድደዋልና።

ክዳኖቹ በሚገባ እየሠሩ ሙቀቱ ካነሰ ደግሞ ፊትን ወደ ማራገቢያው መመለስ ይገባል። ከማራገቢያው ቤት ወደ ሣጥኖቹ የሚወርዱት ሁለቱ ተጣጣፊ ቱቦዎች ተቀድደው ወይም ጨርሰው ጠፍተው ይገኙ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አየሩ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ይበተናል፣ ሞተሩም ሆነ ሰው ድርሻውን ያጣል። በሞተሩ ዙሪያ የላይኛውን ቀዝቃዛ ክፍል ከታችኛው ግለት የሚለየው የጎማ መዝጊያ ካረጀም ማራገቢያው የገዛ ራሱን የጋለ አየርና የጢስ ሽታ ከታች መልሶ ይስባል። ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን ቴርሞስታቱ ነው። ከሲሊንደሮቹ በታች የተሰቀለችው ይህች እንደ ወናፍ የተጣጠፈች የነሐስ ዕቃ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ በማራገቢያው ቤት ውስጥ ያሉትን የነፋስ መቆጣጠሪያዎች ዘግታ ትይዛለች፤ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስባት ተለጥጣ ትከፍታቸዋለች። ብዙ መካኒኮች ብትበላሽ ሞተሩን ታቃጥለዋለች በሚል ፍርሃት አውጥተው ይጥሏታል። ፍርሃታቸው ከንቱ ነው፤ ወናፏ ስትቀደድ ተለጥጣ መቆጣጠሪያዎቹን ትከፍታለች እንጂ አትዘጋምና። ያለ እርሷ የሚሠራ ሞተር በብርድ ጧት እስኪሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ቶሎም ያረጃል፣ ማሞቂያውም ሹፌሩ ከሚሄድበት ቦታ ከደረሰ በኋላ ይነቃል።

ሙቀት ማስገባት ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ጢም ብሎ የሞላ እንስራ ተጨማሪ ውኃ እንደማይቀበል ሁሉ፣ መስኮቷና በሯ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ መኪናም የቆየው አየር ካልወጣላት አዲሱን አትቀበልም፤ ሹፌሩ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ሙቀት ሲያጣ መስኮቱን የበለጠ ይዘጋል፣ በዘጋም ቍጥር ሙቀቱ ይቀንሳል። ይህን እውነት አሜሪካኖች ቀድመው በሥራ አሳይተዋል፤ የናሽ ኩባንያ በ1938 ከውጭ የተቀዳ አየር በማጣሪያ አልፎ፣ በሙቅ ውኃ ሞቆ፣ በመኪናው ውስጥ ከውጭው ጥቂት የበለጠ ግፊት እንዲኖረው የሚያደርግ ማሞቂያ አወጣ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ቴርሞስታት ጨመረለት። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፎርድ በ1964 መጸው ለኮርቲና መኪናው በክሩስኮቱ ላይ የፊት አየር ማስገቢያዎችን፣ ከኋላ መስታወት አጠገብም የቆየው አየር የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች አበጅቶ፣ መስኮት ሳይከፈት አየር ከፊት ወደ ኋላ የሚፈስበትን ሥርዐት ለተራው ሰው መኪና አደረሰ።

የኮምቢ ባለቤት ይህን ብልኃት በእጁ ነው የሚሠራው። ማሞቂያውን ሲከፍት ከኋላ ያለችውን የጎን መስኮት አንድ ጣት ያህል ከፈት ማድረግ አለበት፤ ሙቀቱ ወዲያው ወደ ኋላ መፍሰስ ይጀምራል፣ በመስታወቱ ላይ ያለው ጤዛም ይለቃል። አንድ ሰው ተቀምጦ ብቻ በሰዓት ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ውኃ በእስትንፋሱና በቆዳው ያወጣልና ዘጠኝ ሰው በጫነች መኪና ውስጥ ይህ ውኃ ከቀዝቃዛ መስታወት በቀር ማረፊያ የለውም። በአዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ነፋስ ይመታኛል በሚለውና ታፍነናል በሚለው ተሳፋሪ መካከል በየጧቱ የሚነሣው ክርክርም ከዚሁ የመነጨ ነው። በሕመም የሚጨነቀውን አዛውንት ፍርሃት አልንቀውም፤ ነገር ግን በአጠገብ ያለን አንድ መስኮት በሰፊው ከመክፈት ከፊትና ከኋላ ሁለት መስኮቶችን በጥቂቱ መክፈት ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ በትንፋሽ የሚተላለፍ የሳንባ ነቀርሳን የመሰለ በሽታም አየሩ በተለዋወጠ መጠን ይዳከማል።

ብርዱ የበረታባቸው አገሮች ሰዎች ግን በሞተሩ ትሩፋት ብቻ አልረኩም። የማራገቢያው ፍጥነት ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ መኪናዋ በመብራት ስትቆም ወይም ቍልቍለት ስትወርድ ሙቀቱ አብሮ ይደክማል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ጨርሶ ይቆማል፤ በመኪናዋ ውስጥ ለሚያድሩት፣ ከ1951 ጀምሮ ቬስትፋሊያ የተባለው ድርጅት አልጋና ቍምሣጥን ላበጀላቸው መንገደኞች ይህ ከባድ ጉድለት ነበር። ስለዚህ በ1865 በኤስሊንገን የተመሠረተው የኤበርሽፔሸር ድርጅት የሚሠራቸው የቤንዚን ማሞቂያዎች በብዙ ኮምቢዎች ላይ ተጨመሩ። እነዚህ ከመኪናዋ ጋን በቀጭን ቱቦ ቤንዚን እየሳቡ በራሳቸው የእሳት ክፍል ያቃጥላሉ፣ ጢሳቸውን በራሳቸው ቱቦ ወደ ውጭ ይሰድዳሉ፣ በኤሌክትሪክ ማራገቢያቸውም የሞቀውን አየር ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ሙቀታቸው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን የእሳት ክፍላቸው ግድግዳም እንደ ሙቀት ሣጥኖቹ ሁሉ በዝገት ሊበሳ ይችላልና፣ ብዙ ዓመት የቆመ የቤንዚን ማሞቂያ ባለሙያ ፈትቶ ሳያየው ማቀጣጠል ድፍረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ፣ ባለ አንድ ሰፊ የፊት መስታወቷ ኮምቢ፣ የንጹሕ አየር መግቢያዋን ከጣሪያ ወደ ግንባሯ፣ ከመስታወቱ በታች ወዳለው ፍርግርግ አወረደችው። በክሩስኮቷ ላይም ለሙቀት ቀይ፣ ለቀዝቃዛ አየር ሰማያዊ ጫፍ ያላቸው ዘንጎች ተሰደሩላት፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ የሞተሩን ክዳኖች ሲያዝዙ ሌሎቹ አየሩን ከእግር ወደ መስታወት ይመልሳሉ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ ሕግ የፊት መስታወት ጤዛና በረዶ ማስወገጃን ግዴታ ስላደረገ ፋብሪካው ለመስታወቱ የሚደርሰው ሙቀት እንዲበዛ መጣር ነበረበት። ባለ 1.7፣ ባለ 1.8፣ በመጨረሻም ባለ 2 ሊትር ሞተሮች በ1970ዎቹ ሲተከሉ፣ የሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስ የሚያግዝ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከሞተሩ በላይ ተጨመረ፤ የሩቁ መንገድ ችግር በከፊልም ቢሆን የተቃለለው በዚህ ነው።

በ1979 የተከተለችው ሦስተኛዋ ትውልድ በመጀመሪያ በነፋስ የሚቀዘቅዘውን ሞተር ይዛ ብትመጣም፣ በ1982 መገባደጃ በስተኋላዋ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ተተከለላት። የፈላው ውኃ በረጅም ቱቦ ወደ ፊት ሄዶ በትንሽ ራዲያተር ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አየሩን ይነፋበታል፤ ሙቀቱ ከሞተሩ ዙር ጋር አይወድቅም፣ ጢሱም ከሰው አየር ጋር አንድ ግድግዳ አይጋራም። ከ1957 ጀምሮ ኮምቢን ስትሠራ የኖረችው ብራዚል ነፋስ አቀዝቃዡን ሞተር ከሁሉ ዘግይታ፣ በ2005 መጨረሻ ትታ፣ ምርቱን ራሱን በዲሴምበር 2013 ዘጋች።

አሮጌዎቹን ኮምቢዎች የሚያድሱ ሰዎች ዛሬ በአውሮፓም በአሜሪካም ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል የሙቀት ሣጥኖቹን አውጥተው ባዶ የጢስ ቱቦ የሚያስገቡና በበጋ ብቻ የሚነዱ አሉ፤ ነገሩ ርካሽ ስለሆነ አልፈርድባቸውም፣ ነገር ግን ቀለሙንና ወንበሩን በጥንቃቄ እየመለሱ የመኪናዋን ሳንባ መጣል ትክክለኛ እድሳት ሆኖ አይታየኝም። ሣጥኖቹን ለመተካት የሚፈልግ ሰው አዳዲሶቹን አሁንም ከገበያ ያገኛል፤ ሆኖም ከእነዚህ ብዙዎቹ የቀድሞዎቹን ያህል የአሉሚኒየም ክንፍ የሌላቸው ስለሆኑ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሣጥኑን አንሥቶ በክብደቱ መመዘን፣ በአየር መግቢያው አፍ በኩል በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ማየትና ክንፎቹ ጥቅጥቅ ብለው መሰደራቸውን ማረጋገጥ ይገባዋል። ከተከለው በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ገዝቶ ሰዎች በሚተነፍሱበት ከፍታ ላይ፣ ከሙቀቱ መውጫ አፍ ራቅ አድርጎ ይስቀል፤ ዝገቱ መቼ ግድግዳውን እንደሚበሳ ከዚህ መሣሪያ በቀር የሚነግረው የለምና።